ሰላም ለማለት ሱሉልታ ድረስ

ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባለው መንገድ ላይ እንደ እኔ ሰላምታ የሚችል ሰው የለም። ይህን የምለው በትሕትና ነው። የዕድሜዬን ግማሽ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት ስለጨረስኩት፣ ወደ ላሊበላ ሲሄድ የመሸበት የዓለም ሕዝብ በሙሉ በእኔ ጠረጴዛ ፊት አልፏል። ጣሊያኑን «ቦንጆርኖ»፣ ፈረንሳዩን «ቦንዡር»፣ ህንዱን «ናማስቴ»፣ ቱርኩን «መርሃባ»፣ ጃፓኑን «ኮኒቺዋ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ግን በአንዳቸውም አላውቅም። እንግዳው ደስ ብሎት በቋንቋው ማውራት ሲጀምር ቁልፉን አቀብለውና ደረጃውን አሳየዋለሁ።

መዘዝ ያመጣብኝ ይህ ዝናዬ ነው። አንድ ጠዋት እህቴ እቴነሽ ዓይኗ አብጦ መጣች። ልጇ ናትናኤል ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እዚያው የምትሠራ ጫልቱ የምትባል የሱሉልታ ልጅ ወዶ፣ ወዳው፣ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ ነበር።

«አባትየው ምን አሉ?» አልኳት።

«‘እስቲ እናያለን’ አሉ። ይኸው ወራት አለፉ፣ ገና እያዩ ነው።»

ልጅቱ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት አልወጣም ብላለች። በዚህ ላይ ከሰንዳፋ የሌላ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ተሰምቷል። ጫልቱ ለናቲ የነገረችው አንድ ፍንጭ ብቻ ነው። አባቷ ሽማግሌዎቹን ሸኝተው ሲመለሱ «ሰላምታ እንኳ አያውቁም» ብለው፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አልተነፈሱም።

እህቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አየችኝ። «ሞላ፣ ጉዳዩ ሰላምታ ከሆነማ አንተ አለህ» አለችኝ።

ምን እላለሁ? ሻንጣዬን አወረድኩ።

እነዚህን ከተሞች ለማታውቁ የአገሬ ሰዎች፣ አዲስ አበባን እንደ ድስት ብታስቧት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ሦስቱ ጉልቻዎቿ ናቸው። ጉልቻዎቹ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ቢያጋድሉም ድስቷን ተሸክመው ይኖራሉ።

የመጀመሪያው ቀን

ለአባትየው እጅ መንሻ ጥሩ የወሎ ማር በጀሪካን ገዛሁና ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ማሩን ከሌላ ዕቃ ጋር አልጥልም ብዬ እግሬ ሥር፣ ለሽምግልና ባሳጠብኩት ነጭ ጋቢዬ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከእኔ በቀር ማንም አያስበውም።

ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የእኛው የደሴ ጦሳ ተራራ ብርድ ቢያንስ አንኳኩቶ ይገባል። ከደብረ ብርሃን ስናልፍ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ እግራቸውን ለማንሳት ሞክረው አልነሳላቸው አለ።

«የኔ ጌታ፣ ምን አፍስሰህብኝ ነው?» አሉኝ።

የጀሪካኑ ክዳን ለቆ፣ ከፈሰሰው ማር ግማሹን ጋቢዬ ጠጥቶት፣ ግማሹ የሴትዮዋን ጫማ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር አጋብቶታል። እኔ የሄድኩት ሰው ላጋባ ነበር። ሴትዮዋ ግን ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና «ማሩስ ማር ነው» ብለው ይቅር አሉኝ። ሰንዳፋ ስንደርስ ከተማዋን በመስኮት በክፉ ዓይን አየኋት። ምንም አላደረገችኝም፣ ግን ተቀናቃኝ ተቀናቃኝ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ወርጄ ከታክሲ ወደ ታክሲ እየቀየርኩ ወደ ሰበታ አቀናሁ። ሰማይ ጠቀስ ፎቆቹን አላወራላችሁም፤ በቴሌቪዥን አይታችኋል። የወያላውን ሰላምታ ግን ላውራ። ጋቢዬ ላይ የተለጠፈውን ዝንብ አየና «ፋዘር፣ ፒስ ነው?» አለኝ።

«ፒስ ነው» አልኩት፣ እንደ ተወላጅ።

መልሴን ሳይሰማ «ሰበታ፣ ሰበታ፣ ሰበታ» እያለ ወደ ሌላው ዞሯል። ፍጥነቱን አደነቅሁ። እኛ ደሴ አንድ ሰው ሰላም ለማለት ሻይ የሚፈላ ያህል እንቆማለን፤ እጅ እንስማለን፣ «ማሬ፣ ወለላዬ» እንላለን። ይህ ወያላ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀበሌ ሰላም ይላል።

ናቲ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ ምንጣፍ ላይ ተኛ። ብዙ ብለምነውም እምቢ አለኝ። ፊቱን ሳየው ከስቷል። እናቱ የምትልክለት በሶ ሳይከፈት ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የምትችለው ይመስልሃል?» አለኝ።

«እኔ?» አልኩት። «እኔ የጃፓን አምባሳደር ያስጎነበስኩ ሰው ነኝ።» አምባሳደር ይሁን ጎብኚ አላጣራሁም። መጎንበሱ ግን እውነት ነው።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ግቢው ውስጥ ለቧንቧ ውሃ ተሰለፍን። ተከራዮቹ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ናቸው። አንዷ «አካም ቡልተን» አለችኝ፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለት ነው። አንዱ በወላይትኛ «ሳሮ» አለኝ። አንዷ በትግርኛ «ከመይ ሓዲርኩም» አለችኝ። ለሁሉም በየቋንቋቸው እየመለስኩ ወረፋዬን ሦስት ጊዜ አስበላሁ። ደሴም ግቢ ቢሆን ከአማርኛ ሌላ አይታጣም፣ ግን ፊት ለመታጠብ ይህን ያህል ምላስ የሚጠይቅ ቧንቧ አይቼ አላውቅም። ወደድኩት።

ናቲ የሚሠራበትን ሊያሳየኝ ወደ ፋብሪካው በር ወሰደኝ። የምሳ ሰዓት ነበርና ሠራተኛው እንደ ጎርፍ ይወጣል። ከመካከላቸው አንድ ቻይናዊ ኮፍያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ። ስሙ ዋንግ ነው፤ የናቲ አለቃ ነው። ሠራተኞቹ «ኦቦ ዋንግ» ይሉታል፣ አቶ ዋንግ እንደማለት።

የእኔ ሰዓት ደረሰ አልኩና ደረቴን ነፍቼ «ኒሃው» አልኩት።

እሱ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ነጋዳ፣ አቲ ሆ?» አለኝ። ደህና ነኝ፣ አንተስ ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ። እኔ በእሱ ቋንቋ ስሄድ እሱ በዚህ አገር ቋንቋ መጥቶ መንገድ ላይ ተላለፍን። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ «በላህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ በእኛ አገር «በላህ?» ሲባል፣ አንጀትህ ከጀርባህ ጋር ተጣብቆ እንኳ ቢሆን «አዎ፣ አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» ትላለህ። እኔ ግን ለጨዋታ ብዬ «ኧረ ገና ነኝ» አልኩት።

ናቲ ደነገጠና በጆሮዬ «ጋሼ፣ ሰላምታቸው እኮ ነው። ‘በልቻለሁ’ ነው የሚባለው» አለኝ።

ዋንግ ግን ገና መሆኔን ሰምቷል። ክርኔን ይዞ ከበሩ አጠገብ ወዳለው የቻይኖች መመገቢያ ቤት ወሰደኝ። ቲማቲም በእንቁላል፣ ነጭ ሩዝ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ቀረበ። ከዚያ ሁለት ዘንግ ሰጡኝ። በእነዚያ ዘንጎች አንድ የሩዝ ፍሬ ወደ አፌ እስካደርስ የደሴ ሙዚየም ይገነባ ነበር። ዋንግ አልሳቀብኝም። የራሱን ምሳ ትቶ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘ አስተካከለልኝ። መጨረሻ ላይ ማንኪያ አስመጣና «አሁን ብላ» አለኝ። የምሳ ሰዓቱ በእኔ ምክንያት አልቆበት ሳይበላ ወደ ሥራ ገባ።

ስንወጣ ናቲን «እንዲህ ለሁሉም ነው?» አልኩት።

«‘በላህ?’ የሚለውስ ሁሉንም ነው። ‘አልበላሁም’ ብሎ የመለሰለት ግን የመጀመሪያው ሰው አንተ ሳትሆን አትቀርም።»

እስከ ማታ ድረስ ዘንጎቹን እያሰብኩ ሳቅሁ። ሌላ ነገር ማሰብ ነበረብኝ፤ ያኔ ግን አልመጣልኝም።

ሦስተኛው ቀን

ቡራዩ የሄድነው ሐጂ ሸምሱን ለመያዝ ነው። ሐጂ ስልጤ ናቸው፣ ቡራዩ ውስጥ ትልቅ ሱቅ አላቸው። ናቲ ሥራ ሲፈልግ የተከራየው በእሳቸው ግቢ ነበርና እንደ ልጃቸው ያዩታል። የመጀመሪያውን ሽምግልና የመሩት እሳቸው ናቸው። አብረዋቸው የነበሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች «ደግመን አንዋረድም» ብለው ቀርተዋል። ሐጂ ግን «ልጁ ሳይሆንለት እኔ አርፌ አልቀመጥም» አሉ።

ስንደርስ ሱቁ በደንበኛ ተጨናንቆ ነበር። ሐጂ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆመው በግራ እጃቸው ስኳር ይመዝናሉ፣ በቀኛቸው መልስ ይሰጣሉ፣ በአፋቸው ዓለምን ሰላም ይላሉ። ለአንዱ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ለሌላው «አካም»፣ ለአሮጊቷ በጉራጊኛ፣ ለወጣቱ «ሰላም ነው አባቴ»። ደንበኛው መልስ ሲሰጥ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ። መልሱ አየር ላይ እያለ እሳቸው ሦስተኛው ሰው ጋ ደርሰዋል። ሐጂን የተባበሩት መንግሥታት አግኝቷቸው ቢሆን ያ ሁሉ አስተርጓሚ ሥራ ፈት ይሆን ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነብ ማር የጠጣውን ጋቢዬን አዩና ቃል ሳይናገሩ ከትከሻዬ ላይ ገፍፈው ወሰዱት። ሙቅ ውሃ አፍልተው አጠቡልኝ። ከዚያ በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ አቀረቡ። እኔ ገንፎ የማውቀው በበርበሬ መሐሉ ተጎድጉዶ፣ አራስ ቤት ነው። ይህኛው ግን ከአፍ ሲገባ ሳይታኘክ ይቅርታ ጠይቆ ይወርዳል። ሳህኑን ስጨርስ ይሞላሉ፣ ስጨርስ ይሞላሉ። እጄን አፌ ላይ ከድኜ ነው ያቆምኳቸው።

ከምግብ በኋላ ሐጂን ጠየቅኋቸው። «ባለፈው ምን ተፈጠረ? ከሰላምታው ጀምረው ይንገሩኝ።»

«ምን ይፈጠራል?» አሉ ትከሻቸውን ሰብቀው። «ደረስን፣ ቆምን። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና ‘ተቀመጡ’ ሲሉን እምቢ አልን። በኦሮምኛ ጠየቁን፣ በኦሮምኛ ጠየቅናቸው። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ አንዱንም አላስቀረንም። እሳቸው መለሱ፣ እኛ አመሰገንን። ከዚያ ወደ ጉዳያችን ገባን። ጥሩ አድርገን ነው ሰላም ያልናቸው፤ ወላሂ እንከን አላገኘሁበትም።»

እኔም አላገኘሁበትም። ሁለታችን የሰላምታ ሊቃውንት ተቀምጠን ነገሩን ገለበጥነው፣ አገላበጥነው። ምናልባት ድምፃችሁ አንሶ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ጫማችን አቧራ ነበረበት አሉ። በመጨረሻ እኔ የዓለምን ሰላምታ ሁሉ እንድደረድርላቸው፣ አባትየውም ተደንቀው እንዲስቁ፣ ከሳቁ በኋላም ልጃቸውን እንዲሰጡን ተስማማን። ዕቅዱ በጣም ጥሩ ስለመሰለኝ በደስታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አራተኛው ቀን

ጋቢዬ አልደረቀም። ሐጂ የራሳቸውን አዋሱኝ። ሐጂ አጭር ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው እኔ ላይ ሲወጣ ፎጣ ሆነ። ወይዘሮ ዘይነብ ከጀሪካኑ የተረፈውን ማር በንጹሕ ብልቃጥ ገልብጠው፣ በፌስታል አስረው ሰጡኝ። እኔ፣ ሐጂና ናቲ በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ወጥተን ሱሉልታ ገባን።

ሱሉልታ ሜዳ ነው። ደሴ ላይ አንድ ኳስ ከእጅህ ካመለጠ ኮምቦልቻ ነው የምታገኘው፤ እዚህ ግን ኳሱ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። በዚያ ጠዋት ሜዳው በሯጮች ተሞልቶ ነበር፤ የእኛም አሉ፣ ከባሕር ማዶ የመጡም አሉ። ልምምድ ይጠቅመኛል ብዬ ከመንገዱ ዳር ቆምኩና በኬንያዎቹ ስዋሂሊ «ሃባሪ» አልኩ። አንዱ «ንዙሪ» ብሎ እንደ ጥይት አለፈ። «ቦንዡር» አልኩ፤ እጅ ተውለበለበልኝ። አንዲት ጃፓን የመሰለችኝ ልጅ ስታልፍ «ኮኒቺዋ» ስላት ፈገግ ብላ አለፈች። ደግሜ ልላት ተከትዬያት ሮጥኩ። የደሴ ሰው ነኝ፣ ከፍታ አይበግረኝም ብዬ ነው። ትንሽ እንደሄድኩ ሳንባዬ ጥሎኝ ሄደ፤ ጉልበቴን ይዤ አጎነበስኩ።

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ተመለሰች። ሯጭ ሰዓቱን አያቆምም ይላሉ፤ እሷ ግን የእጅ ሰዓቷን ተጭና አቆመችውና በቋንቋዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ግን ቃሉ አላስፈለገም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች መልሴን ትጠብቃለች። ቀና ብዬ እስክስቅላት ድረስ ከአጠገቤ አልሄደችም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ተሰናብታኝ ሩጫዋን ቀጠለች።

ናቲን አንድ ሻይ ቤት አስቀመጥነው፤ ሙሽራ በሽምግልና ቦታ አይታይም። እኔና ሐጂ ወደ ቤቱ ሄድን።

የጫልቱ አባት ኦቦ በዳዳ ከአጥራቸው በር ቆመው ተቀበሉን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ታኣ፣ ተቀመጡ» አሉ አግዳሚ ወንበር እያሳዩ። ሐጂ እንደ ወጉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ቆምን።

ኦቦ በዳዳ ወደ እኔ ዞሩ። «ደሴ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን» ብዬ ወደ ኮኒቺዋዬ ልሸጋገር አፌን ስከፍት «ዝናቡስ?» አሉ።

«ትንሽ ዘገየ።»

«መቼ ጣለ?» አሉኝ።

በሕይወቴ ሙሉ ስንት ሰው ስለ ዝናብ ጠይቆኛል፣ መልሴን ተከትሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። መቼ እንደጣለ ነገርኳቸው። የት የት እንደጎዳ ጠየቁኝ። እህቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችው ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ምን ሠርታ አሉኝ። እያንዳንዱን መልስ እስክጨርስ ዝም ብለው ይሰሙኛል። ስጨርስ ቀጣዩን ይጠይቁኛል። የእሳቸው ሲያልቅ ተራው የእኔ ሆነ።

በኦሮምኛዬ «ሎን ነጋዳ?» አልኩ። ከብቱ ደህና ነው ወይ ማለት ነው።

«ነጋዳ» አሉ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ እኔ «ተመስገን» አልኩ።

«ኢጆሌን ነጋዳ?» ልጆችስ?

«ደህና ናቸው።» «አልሐምዱሊላህ።» «ተመስገን።»

በዚህ መሐል ዓይኔ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ወዳለ ኮርቻ ሄደ። ቀይ ዘርፍ ያለው፣ በጨርቅ ተወልውሎ የሚያበራ ኮርቻ። በግቢው ግን ፈረስ የለም፣ በሜዳውም የለም።

«ፈረሱስ?» አልኩ።

ኦቦ በዳዳ ዓይኔን ተከትለው ኮርቻውን አዩ። «ፈረሱን ባለፈውም ጠይቃችሁኛል።»

ሐጂ ግራ ተጋቡ። «እኛ?»

«አዎ። አንተና ጓደኞችህ፣ እዚሁ ቆማችሁ። ‘ፈረሱስ?’ አላችሁኝ። ‘ትናንት ሞተብኝ’ አልኳችሁ። ሁላችሁም በአንድ አፍ አመሰገናችሁ። ከዚያ ስለ ጋብቻ መናገር ጀመራችሁ።»

የሱሉልታ ንፋስ ጨርሶ አያርፍም ይባላል። ያን ጊዜ አረፈ። ሐጂ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ሌላ «ተመስገን» ተዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። ልምድ ነዋ። ከነእሾኋ ዋጥኳት።

ከዚያ ሽማግሌ የማያደርገውን አደረግሁ። ጉዳዬን ሳልናገር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ሐጂ ጋቢያቸውን ከእኔ ላይ ሊገፍፉ የፈለጉ መሰሉ። «ኧረ ሞላ» አሉ በሹክሹክታ።

«ስሙ ማን ነበር?» አልኳቸው ኦቦ በዳዳን።

አዩኝ። «ዳማ» አሉ።

«ምን ሆኖ ሞተ?»

እሳቸውም መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ሐጂ ብቻቸውን ትንሽ ቆመው፣ ነገሩ ሲገባቸው እሳቸውም ተቀመጡ። ዳማ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሲያቃስት አድሮ፣ ሲነጋ ሞተ። ውርንጭላ ሳለ እናቱ ሞታበት በጡጦ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ክረምት ክረምት ጫልቱን በጭቃው ላይ ተሸክሞ ትምህርት ቤት አድርሷታል። ባለቤታቸው በምጥ ሲጨነቁ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ አላለም።

ሐጂ ሲሰሙ ቆይተው «ኦቦ በዳዳ፣ አፉ በሉኝ» አሉ። «ሱቅ አበላሽቶኛል። እኛ በሁሉም ሁኔታ አላህን እናመሰግናለን፣ እውነት ነው፤ ግን…»

«እሱስ ደግ ነገር ነው» አሉ ኦቦ በዳዳ። «አመስግኑ። ግን መጀመሪያ ፈረሱን ጠይቁኛ።»

ባለቤታቸው ጨጨብሳ በቅቤ አቀረቡ። እርጎም መጣ፤ የሱሉልታ እርጎ ሲገለበጥ የማይፈስ ነው። ብልቃጡን አውጥቼ ከማሩ ጨጨብሳው ላይ አፈሰስንበትና በላን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፣ ከዚያ ማዘንበል ጀመረች። ሐጂ ደጋግመው በክርናቸው ጎሸሙኝ፤ ጉዳዩን ተናገር ማለታቸው ነው። አልተናገርኩም። ስለ ሞተ ፈረስ ሲነግሩኝ ውለው ልጅ ስጡኝ ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። ያ ሁሉ ኮኒቺዋም ከነማሰሪያው ሳይፈታ ቀረ። እህቴን ምን ልላት ነው እያልኩ ተነሳሁ።

ኦቦ በዳዳ እስከ መንገዱ ሸኙን። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር ተቀምጦ፣ ሳይናገር ሲሄድ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ለምንድን ነው የመጣችሁት?»

«ዳማን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አልኩ። «ትንሽ ዘገየን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ «የሰንዳፋዎቹ መጥተው ነበር» አሉ። «ወሬውን ገበያ ሰምተው ፈረስ እየሳቡ መጡ። መልካም ፈረስ ነበር። አመስግኜ መለስኩት። ምን ሆኖ እንደሞተ አንዳቸውም አልጠየቁኝም።»

ወደ ሻይ ቤቱ በአገጫቸው ጠቆሙ። «ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ከጠዋት ጀምሮ አንገቱን የሚያወጣው ልጅ የእናንተ ነው፣ አይደል?»

ምን ይካዳል? ናቲ ያን ጊዜ እንኳ አንገቱን አውጥቶ ነበር።

«ይምጣ» አሉ ኦቦ በዳዳ። «ለእሱም ስለ ዳማ ልንገረው።»

አምስተኛው ቀን

ናቲ ያን ዕለት ሲሰማ መሽቶበት «ነገም ና» ተብሏል። እኔ ጠዋት ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። ወይዘሮ ዘይነብ ደርቆ የተጣጠፈ ጋቢዬን ላኩልኝ፤ በመሐሉ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ተጠቅልሎበታል። ሰንዳፋን ሳልፍ ሳልቆጣት አለፍኩ።

ደብረ ብርሃን ላይ ለናቲ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ትናንት የዳማን የጡጦ ወተት ጨርሰናል። አሁን መጋለብ እየተማረ ነው» ብሎ ዘጋው። ሸዋ ሮቢት ላይ ደወልኩ። «ጫልቱን ትምህርት ቤት እያደረሰ ነው።» ከሚሴ ላይ ደውዬ አላነሳም። ኮምቦልቻ ስንገባ ራሱ ደወለ።

«ሞተ፣ ጋሼ» አለኝ።

«ምን ሆኖ?» አልኩት። እንደማላውቅ ሆኜ ሳይሆን፣ እሱ ሲናገረው መስማት ስለፈለግሁ። ነገረኝ፤ እስኪጨርስ ዝም አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጨርሰው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ጫልቱ መጥታ አጠገባችን ቁጭ አለች። በኋላ ‘እነዚያን ሽማግሌዎች ጥራቸው፤ አሁን ለጉዳያቸው ይምጡ፣ እሺ እላቸዋለሁ’ አሉኝ።»

እህቴ መናኸሪያው ላይ ስትጠብቀኝ ፊቴን አይታ ሳልነግራት እልል አለች። ሻንጣዬን ተቀብላ ቀድማኝ ለጎረቤት ልትናገር ሮጠች። እኔ ወገቤን ይዤ በዝግታ ስከተላት፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከሱቁ በር ላይ አየኝ።

«ጋሽ ሞላ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጉዞ እንዴት ነበር? ደህና ነህ? ሁሉ ሰላም?»

«ወገቤ ተቆርጧል» አልኩት።

«ተመስገን፣ ተመስገን» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።

ተመልሼ ገባሁና ከፊቱ ያለውን በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። «መርፌዋን አስቀምጥ» አልኩት። «ስለ ወገቤ ልነግርህ ነው።»